ከዋልካው በታች ያሉ ነገሥታት

አንድን ነገር ደጋግሜ ካሰብኩት ይዞርብኛል። ይኼኛውን ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት እኔም አላውቅ፤ ስለዚህ መሀል ላይ ውሉ ቢጠፋብኝ አንባቢ ይታገሠኝ። ከብሎን ልጀምር። ከብሎን የሚጀምር ታሪክ አንብቤ አላውቅም፣ የእኛ ግን የጀመረው ከዚያ ነው።

አባታችን ኮኪት አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ያደግነው እዚያው እርሻ ጣቢያው ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ናፍጣ እየሸተተን ነው። የእኛ አገር ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ የበሬ እግር ይሰብራል፣ ዱላ ቢሰዱበት መጨረሻውን አያገኝም። አባታችን ሞተር ፈትቶ ሲገጥም ብሎን ከእጁ ካመለጠች ስንጥቁ ይውጣታል። እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፣ በሽቦ ይቆሰቁሳል፣ ማግኔት በሲባጎ አስሮ ያወርዳል፤ የለችም። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኑ አንዲቷን እንኳ መልሶ አላገኘም። ከዚያ በኋላ የሚወርደው እርግማን ለልጅ ጆሮ የሚሆን አልነበረም።

እኔና ወንድሜ ቁጭ ብለን አሰብንበት። ብረት እንደ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስ፤ ታዲያ ያ ሁሉ ብሎን የት ገባ? አንድ ሰው ወስዶት መሆን አለበት። ወሳጆቹ በዚያ ጠባብ ስንጥቅ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ አጫጭር ናቸው። ከዋልካው በታች ድንኮች እንዳሉ የደረስንበት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚህ ባነሰ ማስረጃ የተጻፈ ስንት ታሪክ አስተምሬያለሁ።

ስለ ድንኮቹ የማናውቀው አልነበረም። አዋቂ ድንክ ቀጥ ብሎ ሲቆም የትራክተር የፊት ጎማ እምብርት ላይ ይደርሳል፤ ይኼን የለካው ወንድሜ ነው፣ በምን እንደለካው አልጠየቅኩትም። ሴቱም ወንዱም ጢም አለው። ሴቶቹ ለበዓል ጢማቸውን ሹሩባ ይሠሩታል፣ ወንድ ከሠራው ግን ይሳቅበታል። ሠርጋቸው እንዲህ ነው፦ ወንዱ ለብቻው ብሎን ይሠራል፣ ሴቷ ለብቻዋ ዳዶውን ትሠራለች፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም። በሠርጉ ዕለት ሽማግሌዎች ባሉበት ብሎኑ ዳዶው ውስጥ ይዞራል። ያለ ጉልበት ከገባ ተጋቡ። እምቢ ካለ ሳይቀያየሙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የአባታችንን ብሎን የሚሰርቁት እንግዲህ ሰነፍ ሙሽሮች ናቸው። ስለዚህ ብሎን በወደቀች ቁጥር እኔና ወንድሜ «ለሠርጋችሁ ይሁን» እንላለን፤ እንዲህ ካልተባለ ትዳሩ አይጸናም። ውሎ አድሮ አባታችንም እርግማኑን ሲጨርስ እያጉረመረመ «ለሠርጋችሁ ይሁን» ማለት ጀመረ።

ሙታናቸውን የሚቀብሩት ወደ ላይ ነው። ታች ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሬሳ አይቀበርም። ተሸክመው ያወጡና ከአፈሩ ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስተኙታል። በማሳው መሀል አንድ ቦታ ሰሊጡ ከሌላው ይልቅ ጠቆር ብሎ ከለመለመ፣ ከሥሩ ትልቅ ሰው ተኝቷል ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው አብጦ በሩን ሁሉ ይዘጋባቸዋል፤ እስከ መስቀል መውጣት የለም። ያኔ ተቀምጠው የሰባቱን ነገሥታት ታሪክ ያወራሉ።

ያጣላን የነገሥታቱ ነገር ነው። አንደኛው ንጉሥ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ውሃ ጠምቶት ስንጥቁን ተከትሎ ወረደ፣ በወረደ ቁጥር እያጠረ ሄደ፣ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። ይኼን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ግን እኔ ዛሬ የተናገርኩትን ነገ ለውጦ ያወራዋል። ውሃውን ጠላ ያደርገዋል፣ ሰውየውን ወታደር ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ስህተት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ በዚህ ጠባዬ ብዙ ወዳጅ አጥቻለሁ። አንድ ቀን በአንደኛው ንጉሥ ምክንያት ተደባደብን፣ የእሱ ከንፈር ደማ።

አባታችን ከትራክተሩ ሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደጅ በነበረችው በገመድ የተጠለፈች አንገሪብ አልጋ ላይ እንደ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ስንት ንጉሥ ነው ያላችሁ?» አለን።

«ሰባት» አልን።

«እንግዲያው እንካፈል። አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው የአንተ» አለኝ፤ «ታላቅ ነህና በአንድ ብለጥ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው የእሱ። ከእንግዲህ አንዱ የአንዱን ቢያወራ እኔን ያገኘኛል። ርስት ነው። ሰው የወንድሙን ርስት የሚያርሰው ወንድሙ ሲሞትና ሲወርሰው ብቻ ነው።»

ይኼን ፍርድ ወደ ታች አወረድነው፤ የድንኮቹም ሕግ ሆነ። በክረምቱ ጨዋታ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ያወራል። በሕይወት ያለ ሰው ድርሻውን ሌላው ከተናገረበት በቁሙ ተቀበረ ማለት ነው፤ ያወራው ሰውዬ አፈር እንዳለበሰው ይቆጠራል። ከዚያ ቀን በኋላ የወንድሜን ነገሥታት አልነካሁም። ሁለተኛው እሳትን ከትራክተር ጭስ ማውጫ የሰረቀው ነው። አራተኛው ከጃርት ጋር ጦርነት ገጥሞ የተሸነፈው ነው። ስድስተኛው ዘመኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር የነገሠው ነው፤ ለምን ዝም እንዳለ ግን ወንድሜ ነግሮኝ አያውቅም። ሲጠየቅ «ጊዜው ሲደርስ» ይላል። እኔም በብድሬ ሰባተኛውን ንጉሥ መጨረሻውን ሳልነግረው ያዝኩበት። እውነቱን ለመናገር መጨረሻ አልነበረውም፤ ሰባተኛው ስንጥቁን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ነው የተውኩት።

አደግን። አባታችን ሞተ። እኔ አስተማሪ ሆኜ ኮኪት ተመደብኩ፣ ወንድሜ የአባታችንን መፍቻዎች ወርሶ መካኒክ ሆነ። ድንኮቹን በየጊዜው እናነሣቸው ነበር፤ በዕረፍት ቀን ቤት ስንገናኝ ንጉሥ በንጉሥ እንጫወታለን፣ እናታችን «እናንተ መቼ ነው የምታድጉት?» ትላለች። ቆላ ላይ ሁለት ጎረምሳ የሚጫወተው ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ካላዛር ያዘኝ። ለቆላ ሰው እንግዳ በሽታ አይደለም፤ ሆድ ይነፋል፣ ሌላው አካል ያልቃል፣ ሰው ሲያይህ ፊቱን ያዞራል። በዚያው ሰሞን ወንድሜን ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ያለ አንድ እርሻ ለክረምቱ ሥራ ጠራው። ሊሰናበተኝ ሲመጣ አልጋ ላይ ነበርኩ።

«ለመስቀል እመለሳለሁ» አለኝ።

«ለመስቀል እኔ የምኖር መስሎሃል?» አልኩት።

የበሽተኛ ንግግር ነው። እንዲሰማው ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ተሰማው። መፍቻዎቹን አንጠልጥሎ ወጣ።

በዚያው ክረምት እናታችን ሞተች። የታመምኩት እኔ፣ የሞተችው እሷ። አንድ ቀን ታምማ የማታውቅ ሴት፣ ጠዋት ከጀሪካን ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ይኼን ሳስብ እስካሁን አልገባኝም፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ለእኔ ቀብር ተዘጋጅቶ ነበር፣ እኔም ጭምር።

እኛ ዘንድ ሞት በመንገድ አይነገርም። ሩቅ ያለ ዘመድ ካለ «እገሌ ጠንቶበታል፣ ቶሎ ና» ይባላል። ቤቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። ያን ጊዜ ወደ ገዳሪፍ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ነበር፣ አባታችን መኪናውን ይጠግንለት የነበረ። አልጋዬ አጠገብ መጥቶ «ወንድምህን ምን ልበለው?» አለኝ። አሰብኩ። «እናትህ ታማለች» ብዬ ባስልክ ወዲያው ይገባዋል፤ እሷ መቼ ታምማ ታውቃለች? በሰው አገር፣ በጭነት መኪና ላይ ሲያለቅስ ታየኝ። እኔ ግን የታወቅኩ በሽተኛ ነኝ፤ ስለ እኔ ቢነገረው ነገሩን አይጠረጥርም፣ ውሸትም አይሆንም። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

«‹ወንድምህ ጠንቶበታል፣ ና› በለው» አልኩት። «የእናታችንን ነገር ትንፍሽ እንዳትል።»

ለአርባዋ አልመጣም። ለመስቀልም አልመጣም። እኔ ጎንደር ሄጄ ታክሜ ዳንኩ፣ ሆዴ ጎደለ፣ ወንድሜ አልመጣም። በመጀመሪያ ተናደድኩ። ወንድሙ ጠንቶበታል ተብሎ የማይመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? የስልክ ቁጥሩ አልሠራ አለ። ከዚያ በማዶ ጦርነቱ ተነሣ፣ በእኛም በኩል ስልክ ለወራት ተዘጋ፣ ሰው በገላባት ድንበር በኩል እየጎረፈ ይገባ ጀመር። ከሱዳን የተመለሰ ሰው ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ አየሁት ይላል፣ መልኩን ሲነግረኝ ሌላ ሰው ይሆናል። ንዴቴ ወደ ፍርሃት ሲለወጥ አላወቅኩትም።

አንድ አርብ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ሙቀቱ ክፍሉን ሲያስተኛው፣ ተማሪዎቼን ላነቃ ብዬ የአንደኛውን ንጉሥ ታሪክ ነገርኳቸው። ወደዱት። «ከዚያስ?» አሉኝ። ሳላስበው ሁለተኛውን ቀጠልኩ። ጭስ ማውጫው ጋ ስደርስ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ምሳ ሳቀርብ ነው ምን እንዳደረግኩ የታወቀኝ። አልበላሁም። አራተኛውን በሳምንቱ ስነግራቸው ግን እያወቅኩ ነው። ማንም መርዶ አልነገረኝም፤ ራሴን በራሴ አረዳሁ። ፍራሽ አንጥፌ አልተቀመጥኩም፣ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ጃርት እያወራሁ ወንድሜን ቀበርኩ።

ጦርነቱ በተነሣ በዓመቱ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ተዘግቶ ሳለ፣ ከሱዳን የሚመለሱ ሰዎችን በመመዝገብ እንድናግዝ አስተማሪዎች ወደ መተማ ዮሐንስ ተላክን። ሸራ ዳስ ሥር ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ከማን ጋር እንደመጡ። ከቀትር በኋላ ተራቸው የደረሰ አንድ እናት፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው የጎጃም፣ ከያዟት ትንሽ ጀሪካን ውሃ ሊጎነጩ ሲከፍቱ ክዳኑ አመለጣቸው። ተንከባለለና እግራቸው ሥር ካለው ስንጥቅ ገባ። ጎንበስ እንኳ አላሉም።

«ለሠርጋችሁ ይሁን» አሉና ጠጡ።

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አስቀድሞ የመጣልኝ ሐሳብ አባቴ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከሞተ ስንት ዓመቱ።

«እማማ፣ ምን አሉ?»

«ምንም አላልኩ ልጄ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ለማን ሠርግ ነው?»

አፍረው ሳቁ። «የድንኮቹ ነዋ። ጨዋታ ነው። እኔ እርሻ ላይ ለሠራተኛው ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ክረምት ጭቃው ሥራ ሲያስፈታ፣ ሰዉ መጋዘን ይሰበሰባል። አንድ መካኒክ ነበረ፣ ያገራችን ልጅ፣ እሱ ያጫውተናል። ከመሬት በታች ያሉ ነገሥታት ናቸው። ሰባት ናቸው።»

«ሰባቱንም ያወራል?»

«ሰባቱንም።»

ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። ሰልፉን ረስቼ እንዲያወሩልኝ ለመንኳቸው። አንደኛውን ጀመሩ፤ ቀን ሠራተኛ ነው፣ ውሃ ነው፣ ልክ እንደ እኔ ነው፣ ጠላም ወታደርም የለም። ወንድሜ ልጅ ሆኖ እንደዚያ ሲያበላሸው የነበረውን አሁን አንድ ቃል አልነካበትም። ሦስተኛው፣ ፀሐይን የከለከለው ንጉሥ፣ ላይ ሲደርሱ ግን ግራ ገባኝ። እኔ የማስታውሰው ፀሐይ ብረት ታሞቃለች ብሎ እንደከለከላት ነው። እሳቸው ግን አንድ ቀን ወደ ላይ ወጥቶ ጥላው ከራሱ ረዝሞ ስላየ አፍሮ ነው አሉ። ይኼ የእኔ ነው ወይስ እሱ የጨመረው? ከእኔው የተሻለ መሆኑ አናደደኝ። ወዲያው ደግሞ በዚህ ሰዓት በዚህ መናደዴ ራሴን አስገረመኝ። የማስበውን ማወቅ አቃተኝ።

«ታሪኮቹ የራሱ ናቸው?» አልኳቸው።

«ግማሾቹ የእሱ ናቸው። ግማሾቹ የወንድሙ ነበሩ። ሲጀምር ሁልጊዜ ‹እነዚህን ወርሻቸው ነው› ብሎ ነው። ወንድሙ በካላዛር ሞቶበት። ነፍሱን ይማር።»

«አሜን» አልኩ።

ሌላ ምን ይባላል? ለነፍሴ አሜን ካልኩ በኋላ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ጠንቶበታል ማለት ሞቷል ማለት ነው፤ ይኼን ወንድሜ ያውቃል፣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ለዚያች ቀን ረሳሁት። በዚያ ላይ ለመስቀል አልኖርም ያልኩት እኔው ነኝ።

«ለምን አገሩ አልገባም?»

«አየ! ስንቴ ነገርኩት። ‹እናቴ አለች፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?› ይላል። ‹እመለሳለሁ ብዬ ሳልደርስለት ሞተ፣ አሁን ባዶ እጄን ልግባባት?› ይላል። ባሩድ ሲሸተን እኛ በትራክተር ተጎታች ወጣን፣ እሱ ማሽኑን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። እኛ ስንወጣ ደህና ነበረ።» «ያኔ ደህና ነበረ» አሉ ደግመው።

«ወንድሙ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አማተቡ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው በደረቀ መዳፋቸው ፊቴን ዳበሱኝ፣ ሰው መሆኔን እንደሚያጣሩ ሁሉ። ከሰልፉ አንዱ «ምን ሆኑ?» አለ፤ «ኧረ የሞተ ሰው አገኘሁ» አሉት። ስድስተኛው ንጉሥ ለምን ዝም እንዳለ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ እጄን አነሣሁ። «እሱን ይተዉት እማማ። እሱ ራሱ ይንገረኝ።» ሰባተኛውን ግን ጠየቅኳቸው፤ የእኔ ነውና።

«ሰባተኛው ወደ ላይ ወጣ። የአንደኛውን ንጉሥ አገር ፈልጎ ሄደ። ቢደርስ የሚያውቀው ሰው የለም፤ አጥሯላ። ተመልሶ ወረደና ስንጥቁን በላዩ ዘጋው። በቃ።»

ወደ ኮኪት በሚመለሰው መኪና ላይ ነገሩን ከጫፉ ልይዘው ሞከርኩ። ለወንድሜ እናታችን አለች፣ እኔ ሞቻለሁ። እውነቱ ልክ ግልባጩ ነው። የሚያፍራት ሰው የለችም፣ የሚያለቅስለት ሰው ደግሞ የተማሪ ፈተና ያርማል። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ አለ። ግን የነበረው ያኔ ነው፣ ዛሬስ? እንደገና ላዝንለት ነው ወይስ ልጠብቀው? ጥፋተኛውስ ማነው? ያስላክሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ያደረግኩት ማንም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ልማዱን ጠብቄ ነው ወንድሜን ያጣሁት። ግራ ገብቶኝ ወጣሁ፣ ግራ ገብቶኝ ቤቴ ደረስኩ፣ የበሩን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ የያዝኩትን ረስቼ ስፈልገው ቆየሁ።

ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼ ስድስተኛውን ጠየቁኝ። አምስተኛውን ከፋሲካ በፊት ጨርሼላቸው ነበር።

«ስድስተኛው የእኔ አይደለም» አልኳቸው። «ባለቤት አለው። ሁለተኛውንና አራተኛውንም መንገር አልነበረብኝም፤ እርሷቸው።»

አይረሱም፤ የጃርቱን ጦርነት ግድግዳው ላይ የሳለም አለ። አንዷ ተማሪ ባለቤቱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሹፌሩን ያገኘሁት ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ ኮኪት መውጫ ላይ መኪናውን አቁሞ ጎማ ሲመታ ነው። መንገዱ ለጭነት ተከፍቷል ተብሎ ወደ ገዳሪፍ ሊሄድ ነበር።

«ያን ጊዜ ወንድሜን ምን አልከው?» አልኩት።

«ያልከኝን ነዋ መምህር። ‹ወንድምህ ጠንቶበታል፣ ና› አልኩት።»

«እሱስ?»

«መፍቻ ይዞ ነበር። አስቀመጠውና ‹ገባኝ› አለኝ። ከዚያ ‹እናቴስ?› አለኝ። ‹ደህና ናት› አልኩት። ምን ልበለው? አትንገር ያልከኝ አንተው ነህ።»

እርሻውን እንዲፈልግልኝ፣ እዚያ ከሌለ እንዲያጠያይቅልኝ ለመንኩት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ አገኘዋለሁ» አለ፤ ለሁሉም ነገር ችግር የለም የሚል ሰው ነው። መልእክቱ ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ‹አለሁ፣ ደህና ነኝ› ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዘጋሁት። ይኼን ያምናል? ለሐዘንተኛ በመንገድ ላይ ‹ደህና ነው› ያልተባለበት ቀን የለም፤ ራሱ ሹፌሩ ስለ እናታችን እንዲያ ብሎት የለም? ደህና ነው ባልኩት ቁጥር ይበልጥ ልቀበር ነው።

«‹ሰባተኛውን ንጉሥ አበላሽተኸዋል፣ እጅህን አንሣለት› በለው» አልኩት።

ሹፌሩ ጎማ መምታቱን ተወ። «ይኼ ብቻ ነው? በሕይወት አለ አልልም?»

«አትበል። እሱን አያምንም፣ ይኼን ያምናል።»

ሙት ስለ ንጉሥ እንደማይጣላ ወንድሜ ያውቃል። ከዚያ የሰባተኛውን መጨረሻ ነገርኩት፤ ያን ጠዋት ያወጣሁት ነው፣ ግን ከጥንትም እንዲያው የነበረ ይመስለኛል፣ አሁን መለየት አልችልም። ሰባተኛው ንጉሥ ወደ ላይ ወጥቷል፣ አልወረደም። ስንጥቁ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ክረምት ገብቶ ዋልካው እንዳይዘጋ አንድ እግሩን ሽብልቅ አድርጎ፣ ወንድሙ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ፣ ሁለት ጊዜ ራሱ ደገመው፣ ‹ሽብልቅ› የሚለው ላይ ሳቀ።

ጋቢና ወጥቶ በሩን ከዘጋ በኋላ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«መምህር፣ ስለ እናቱ ቢጠይቀኝስ?»

ይኼን አላሰብኩበትም ነበር። አሁንም ‹ደህና ናት› ሊባል ነው? ወይስ በሰው አገር፣ ከማሽን አጠገብ፣ ማንም በሌለበት ሊረዳ ነው?

«‹ጠንቶባታል፣ ና› በለው» አልኩት።

ቁልቁል አየኝ፣ ገባው። ሌላ ሳይጠይቀኝ መኪናውን አስነሣ።